የአበቦቹ ጽዋ

ተረት ተረት፤ የአበባ መሬት።

እመት ጦጢት አበባ እያበቀለች ትኖር ነበር። ለአያ አንበሶ በየወሩ ትኩስ እቅፍ ታቀርባለች፤ አንድ ወር ባዶ እጇን ከሄደች ራሷ ቁርስ ትሆናለች።

በመስከረም አደይ እርሻውን ሞላችው። ልትጠወልግ ስትል ግን ጦጢት ደነገጠችና አገዳዋን በገመድ ከእንጨት ጋር አሰረችው።

«እባክሽ አትሂጂብኝ» አለቻት።

«የእኛ ነገር እንደ ማኅበር ነው፣ እመት ጦጢት» አለች አደይ። «እኔ ደግሼ ጨርሻለሁ። ጽዋውን ይዤ ብቀር ተረኛዋ እንዴት ትደግሳለች?»

ጦጢት ውሃ ስታጠጣት፣ ስትለምናት ሰነበተች። አደይ ግን እንደታሰረች ደረቀች። የአያ አንበሶ ቀን ሲቃረብ ጦጢት ተስፋ ቆርጣ ገመዱን ፈታች፤ አደይም መሬት ላይ ተጋደመች።

ያን ጊዜ በአደይ ጥላ ታፍነው የከረሙት የሱፍ አበባ እንቡጦች ፀሐይ አገኙ። በቀጠሮው ማለዳ ጦጢት እያነባች ስትመጣ እንደ እሳት ፈክተው ጠበቋት።

አያ አንበሶ እቅፉን አሽትቶ «ይበል» አለ። ጦጢትም እፎይ ብላ ተመለሰች።

ሰንበትበት ብሎ ሱፎቹም መጠውለግ ጀመሩ፤ ከሥራቸው ሌላ ቅጠል ብቅ ብሏል። ጦጢት ገመዱን አነሳች፤ ዛፍ ላይ ወጥታም ዥዋዥዌ ሠራችበት።

ተረቴን ጨረስሁ፤ ጽዋውን ለተረኛ አቀበልሁ።