ሦስት ረቡዕ ባዶ የዋለው በርጩማ

አንድ ጀልባ ሠሪ ነበር፤ ስሙ ይርዳው ይባላል። በአገሩ ኃይለኛ ወንዝ አለ፤ ሰው የሚሻገረው በመቅዘፊያ ጀልባ ነበር። ይርዳው አራት ዓመት ለፍቶ ያለ መቅዘፊያ የሚሄድ ጀልባ ሠራ። ከዳር እስከ ዳር ወፍራም ገመድ ዘረጋ፤ ጀልባውን ከገመዱ ጋር አያይዞ በመዘውር እየጎተተ ያሻግር ጀመር። ወንዙ ሞልቶ ቀዛፊዎች በማይደፍሩበት ቀን እንኳ፣ ከማዶ መንደር ምጥ የያዛት ሴት በእሱ ጀልባ በሰላም ትሻገር ነበር።

አንድ ቀን ከቀዛፊዎቹ ጀልባዎች አንዱ ተገልብጦ ሰባት ሰው አለቀ። ንጉሡ እጅግ አዘኑና "የጀልባ ሕግ ይውጣ" ብለው አዘዙ። በዚያ አገር ልማድ የሕግ ረቂቅ ሦስት ረቡዕ በሸንጎ ይነበባል። ጉዳዩ ለሚነካው ሙያ ሁሉ አንድ አንድ በርጩማ ይቀመጥለታል፤ ባለሙያው እዚያ ተቀምጦ ያለውን ሐሳብ ይናገራል። ሦስቱንም ረቡዕ ባዶ የዋለ በርጩማ ግን "ተስማምቷል" ተብሎ ይጻፋል።

በመጀመሪያው ረቡዕ የሸንጎው መልእክተኛ ሲመጣ ይርዳው ገመዱን ሞራ እየቀባ ነበር። "ሥራ ላይ ነኝ። ደግሞስ የተገለበጠው የእኔ ጀልባ ነው?" ብሎ መለሰው። መልእክተኛው በሁለተኛውም ረቡዕ መጣ። ያን ጊዜ ሚስቱ ዘውድነሽ ተቆጣች።

"ኧረ ተው አንተ ሰውዬ! ስለ ጀልባ ሲመከር ጀልባ ሠሪ ይቀራል?"

"ሥራዬ ራሱ ይናገርልኛል" አላት። ሥራ የሚወድ ሰው ይህቺን ኩራት አያጣም።

በሦስተኛው ረቡዕ ረፋድ ላይ አንድ ሽማግሌ ቀዛፊ እያለከለኩ መጡ። "ልጄ፣ ጉድህን አልሰማህም? 'ሁለት መቅዘፊያ የሌለው ጀልባ ሰው አያሻግርም' ይላል ረቂቁ። ዛሬ ማኅተም ሊያርፍበት ነው!"

ይርዳው ክው አለ። ሞራ የነካ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ሮጠ። ዳገቱን ሳያርፍ ወጣ። ሸንጎው ደጃፍ ሲደርስ ጸሐፊው ማኅተሙን ከወረቀቱ ላይ እያነሳ ነበር።

"ጌቶቼ!" ብሎ ጮኸ። "ይህ ሕግ በአገሩ ያለውን አንድ የማይገለበጥ ጀልባ አገደ!"

ሸንጎውን የሚመሩት አዛውንት ዳኛ ግራ ተጋብተው "ያለ መቅዘፊያ የሚሄድ ጀልባ አለ እንዴ?" ሲሉ ጠየቁት። ማሾፋቸው አልነበረም፤ ከምራቸው አያውቁም። ከዚያ በጣታቸው ወደ ጥግ አመለከቱ።

"ያ በርጩማ ያንተ ነበር፣ ልጄ። ሦስት ረቡዕ ሙሉ አየሁት። አንተን ጠልተን አይደለም፤ የጻፍነው የመጡት የነገሩንን ነው።"

"አሁን ልናገር!"

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነብህ። ማኅተም ያረፈበት ሕግ እንደገና የሚታየው በዓመቱ ነው።"

ይርዳው ጀልባውን አሰረ። ክረምት ገብቶ ወንዙ በሞላ ጊዜ የማዶ ሰዎች ዳር ላይ ቆመው "ይርዳው! ኧረ ይርዳው!" እያሉ ይጣሩ ነበር። ገመዱ ሳይበጠስ፣ ጀልባው ሳይሰበር፣ እሱ ግን ቆሞ ከመስማት በቀር ምንም ማድረግ አልቻለም። በዓመቱ ሕጉ እንደገና የሚነበብበት የመጀመሪያው ረቡዕ ሲደርስ ከጸሐፊው ቀድሞ በርጩማው ላይ ተገኘ።

ወዳጄ፣ ዛሬም አዲስ የቴክኖሎጂ ሥራ የጀመሩ ብዙ ወጣቶች "ሕጉ ሲወጣ እናየዋለን" ሲሉ እሰማለሁ። ያናድደኛል። ሕግ ያልነገሩትን አያውቅም፤ ከወጣ በኋላ ማልቀስም ማኅተም አያስነሳም። ለዳኛውም ቢሆን አንድ ቃል አለኝ፦ ዝም ያለ ሁሉ የተስማማ አይደለም፤ በርጩማው ባዶ ሲሆን ወንዙ ድረስ ወርዶ ማየት ደግ ነው።

አንተስ? ስለ ሥራህ የሚነበብ ረቂቅ ቢኖር፣ ዛሬ በርጩማህ ላይ ማን ተቀምጧል?