በድንጋይ የተደገፈው ምድጃ

ተረት ልንገራችሁ፤ ቁጭ በሉ፣ ወረፋ ግን አትያዙ።

በአንዲት ትንሽ ከተማ ትርንጎ የምትባል ዳቦ ጋጋሪ ነበረች። የኤሌክትሪክ ምድጃዋ በር አልዘጋም ስላላት ድንጋይ ደግፋ ትጋግራለች። ምድጃው ሲበራ ግማሹ ሙቀት ወደ ውጭ ይወጣል፣ የሰፈሩ አምፖል ይደበዝዛል፣ የጎረቤቷ ልብስ ሰፊ የስፌት መኪና ይቆማል። ሰፊውም "ትርንጎ፣ ጋገርሽ?" ብሎ ይጮሃል።

አንድ ቀን ማዘጋጃ ቤቱ ማስታወቂያ ለጠፈ፦ መብራት የሚያባክን ምድጃ ላስረከበ ነጋዴ ቆጣቢ አዲስ ምድጃ በነጻ ይሰጣል። ትርንጎ የፈለገችው አንድ ነገር ነው፤ የሚዘጋ በር። አሮጌው ምድጃ ክረምቱን እንደማይሻገር፣ እሱ ከሞተ ዳቦ ቤቷም አብሮ እንደሚሞት ታውቃለች። በምዝገባው የመጨረሻ ቀን ዳቦ ቤቷን ዘግታ፣ ቅጽ ሞልታ፣ በስምንት ሰዓት ማዘጋጃ ቤት ደረሰች። ምዝገባው አስራ አንድ ሰዓት ላይ ያበቃል።

መዝጋቢዋ ቤዛዊት ቅጹን አገላብጣ አየችው። "እትዬ ትርንጎ፣ ምድጃው መብራት ሲያባክን ያየ ምስክር ይጎድላል። እሱን በኋላ እንሞላዋለን። ዋናው ማህተም ነው።"

"ምቺበታ ልጄ!"

"ማህተሙ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ቁልፉ አቶ ደምመላሽ ኪስ ውስጥ ነው። አቶ ደምመላሽ ስብሰባ ላይ ናቸው።"

እንግዲህ በሩ አልዘጋም አለ፤ ቅጹ ያለ ማህተም አልገባም አለ፤ ቁም ሳጥኑ ያለ ቁልፍ አልከፈትም አለ። ትርንጎ ወደ አዳራሹ ሄደች። በሩ ላይ ዘበኛው ጋሽ ወርዶፋ ቆመዋል።

"የምን ስብሰባ ነው፣ ጋሽ ወርዶፋ?"

"የመብራት ቁጠባ።"

"አቶ ደምመላሽን ለአንድ ደቂቃ ይጥሩልኝ።"

"አይሆንም! ባለፈው ለሽንት ብለው የወጡ አስራ ሁለት ሰዎች እስከ ዛሬ አልተመለሱም። ስብሰባው ካልተበተነ ማንም አይወጣም።"

"መቼ ይበተናል?"

"ከሻይ በኋላ። መርሐ ግብሩ እንዲያ ነው የሚለው።"

እንግዲህ በሩ አልዘጋም አለ፤ ቅጹ ያለ ማህተም አልገባም አለ፤ ቁም ሳጥኑ ያለ ቁልፍ አልከፈትም አለ፤ ባለ ቁልፉ ስብሰባው ካልተበተነ አልወጣም አሉ፤ ስብሰባው ያለ ሻይ አልበተንም አለ። ትርንጎ ወደ ጓሮ ዞረች። ሻይ አፍይዋ እታለም ማንቆርቆሪያዋን ታቅፋ ተቀምጣለች።

"እታለም፣ ምነው ሻዩን ብታቀርቢው?"

"ሦስቴ ፈልቶ ሦስቴ ቀዘቀዘ እኮ! ያለ ዳቦ እንዳታቀርቢ ተብያለሁ።"

"ዳቦውስ ከየት ይመጣል?"

"ካንቺ ነዋ! ምን ሆነሽ ነው ያስቀረሽው?"

"ከኔ? ማን አዞኝ?"

"ደብዳቤ ተጽፎልሻል ሲሉ ሰማሁ።"

ትርንጎ እየሮጠች ወደ ቤዛዊት ተመለሰች። ቤዛዊት ራሷን ነቀነቀች። "አዎ፣ የዳቦ ማዘዣው ተጽፏል። ማህተም ስላልተመታበት ነው ያልደረሰዎት። ደብዳቤውም እዚያው ቁም ሳጥኑ ውስጥ ነው።"

ትርንጎ ጋሽ ወርዶፋ አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ ዘጭ ብላ በጣቶቿ ትቆጥር ጀመር። "በሩ አልዘጋም አለ። ቅጹ ያለ ማህተም አልገባም አለ። ቁም ሳጥኑ ያለ ቁልፍ አልከፈትም አለ። ባለ ቁልፉ ስብሰባው ካልተበተነ አልወጣም አሉ። ስብሰባው ያለ ሻይ አልበተንም አለ። ሻዩ ያለ ዳቦ አልቀርብም አለ። ዳቦው ያለ ደብዳቤ አልጋገርም አለ። ደብዳቤው ያለ ማህተም አልሄድም አለ። ማህተሙ..." ጣቶቿን አየቻቸው፤ ከዚያ ብድግ አለች።

"ወዴት ነው?"

"ልጋግር።"

"ያለ ደብዳቤ?"

"ጋሽ ወርዶፋ፣ ዱቄት ደብዳቤ አያነብም።"

ለማግስቱ ያቦካችው ሊጥ ኩፍ ብሎ ነበር። ምድጃው ውስጥ ከተተችው፣ በሩን ገፋች፣ ድንጋዩን ደገፈች፣ አበራችው። አምፖሎች ደበዘዙ። መኪናው ቆመ። "ትርንጎ፣ ጋገርሽ?" አለ ሰፊው። ያን ቀን ግን ነገሩ በሰፈሩ አላበቃም። አዳራሹ ውስጥ ሰብሳቢው "የመብራት ብክነትን በተመለከተ" ብለው ሳይጨርሱ መብራቱም ማይኩም ድርግም አለ። ሰብሳቢው ያለ ማይክ አልናገርም አሉ። ዘበኛው አላስወጣም አሉ። ሰባ ሰው ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብሎ የዳቦ ሽታ ሲያሸት ቆየ።

ዳቦው ሲበስል ምድጃው ጠፋ፤ ምድጃው ሲጠፋ መብራቱ መጣ፤ ከመብራቱ ጋር ትርንጎ ቅርጫቷን ተሸክማ ገባች። ደብዳቤ የጠየቃት አልነበረም።

ዳቦው ሻዩን አስቀረበ፤ ሻዩ ስብሰባውን በተነ፤ ስብሰባው ባለ ቁልፉን ለቀቀ፤ ቁልፉ ቁም ሳጥኑን ከፈተ፤ ቁም ሳጥኑ ማህተሙን አወጣ፤ ማህተሙ ቅጹ ላይ አረፈ። ለአስራ አንድ ሩብ ጉዳይ ነበር። አቶ ደምመላሽ እጃቸውን ካሟሹ አይቀር ደብዳቤውንም መቱና ለትርንጎ አስረከቡ። ዳቦ እንድታቀርብ ያዛል። ፈርማ ተቀበለች።

"ምስክሩስ?" አለች ቤዛዊት።

ትርንጎ ወደ አዳራሹ ተመልሳ ገና ዳቦውን ወደሚበላው ተሰብሳቢ ዞረች። "ቅድም መብራት የጠፋበት?"

አዳራሹ በሙሉ አፉ ዳቦ እንደሞላ እጁን አወጣ። ሰብሳቢው ሁለቱንም እጃቸውን ነበር ያወጡት።

አዲሱ ምድጃ መጣ። በሩ ግጥም ብሎ ይዘጋል። አምፖል ስለማይደበዝዝ፣ ሰፊው አሁን መጋገሯን ለማወቅ በእግሩ መምጣት ግድ ሆኖበታል።

ድንጋዩንስ? ትርንጎ ተሸክማ ማዘጋጃ ቤት ወሰደችውና የቁም ሳጥኑን በር ከፍቶ እንዲይዝ ደገፈችበት።

"ንብረት ሆኖ ይመዝገብ?" አለች ቤዛዊት።

"ተይው ልጄ፣ ማህተም ያስፈልገዋል።"

ተረቴን መልሱልኝ፤ ዳቦውን ከትርንጎ እወስዳለሁ።