ወደ ደጋ የወጣው ችሎት

የቆላው ገዢ ፊታውራሪ አጥናፌ ሙቀት አይችሉም ነበር። በጋው ሲጠና ጸሐፊያቸውን፣ ማኅተማቸውንና መዝገባቸውን በበቅሎ አስጭነው ደጋ ይወጣሉ፤ ክረምት ሲገባ ይመለሳሉ።

አንድ ዓመት ቢመለሱ ችሎቱ ጭር ብሏል። ሕዝቡን ሰብስበው፣ «አርባ ክስ ትቼ ነበር የሄድኩት! እኔ ሳልኖር የዳኘ ማነው? ዛሬ ይገረፋታል!» አሉ።

ሰዉን ያስታረቁት ሽማግሌ አንገታቸውን ደፉ። ይኼኔ አንዲት ጠላ ሻጭ ብድግ ብላ እጅ ነሣች።

«ጌታዬ፣ እርስዎ ዘንድ ልንሟገት፣ እንደ ደንቡ ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረን መንገድ ጀምረን ነበር። ዳገቱ ሥር ስንደርስ ሽቅብ አየነውና ቋጠሯችንን ፈትተን፣ ታርቀን ተመለስን። የዳኘን ዳገቱ ነው፤ እሱን ያስገርፉልን።»