አቶ መንበሩ ያስገጠሙት የአየር ሞላ

የወረዳው የመንገድ ኃላፊ አቶ መንበሩ መኪናቸውን እያስጓሩ አንዲት መካኒክ ጋራዥ ገቡላችሁ።

«ባሌስትራውን አውጪና የአየር ሞላ ግጠሚልኝ። እስከ ቢሮዬ አንዲት ጉድጓድ ከተሰማችኝ ጋራዥሽን አሽገዋለሁ!» አሏት።

ሴትዮዋ በባሌስትራው ቦታ በአየር የሚነፋውን የጎማ ሞላ ገጠመች፣ እንዳያፈስም በሳሙና አረፋ ፈትሻ አብራቸው ተሳፈረች። መንገዱ ባለፈው ሳምንት እሳቸው ራሳቸው «እንከን የለሽ» ብለው ሪባን የቆረጡለት ነው። ገና ከመውጣታቸው መኪናዋ ዘጭ ስትል የአቶ መንበሩ መላጣ ከጣሪያው ተላተመ።

«ይኸው ጉድጓድ! አለቀልሽ!»

እሷ እቴ! ወረቀትና እስክሪብቶ አውጥታ ዘረጋችላቸው።

«እሺ ጌታዬ፤ በመረቁት መንገድ ላይ ጉድጓድ እንዳለ ጽፈው ይፈርሙልኝ፤ ጋራዡን እኔው በእጄ አሽገዋለሁ።»

አቶ መንበሩ መላጣቸውን እያሻሹ፣ «የምን ጉድጓድ? እኔ ምንም አልተሰማኝም» አሉ።