ጀርባውን ለጀፎረው የሰጠ ትምህርት ቤት

አንድ ነጋዴ ነበረ። ልጄ፣ «የገጠር ትምህርት ቤት ስነድፍ ከምን ልጀምር?» ላልሽኝ፣ መልሱ እሱ ዘንድ አለ።

ሰውየው የጉራጌ ልጅ ነው፤ ከተማ ገብቶ ከበረ። ለተወለደበት መንደር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሊሠራ ቆረጠ። ከተማ እንዳየው አሠራው፤ ፎቅ፣ ዙሪያውን ረጅም የድንጋይ ግንብ፣ የብረት በር፣ ዘበኛ። መኪና እንዲገባ በሩን ወደ አስፋልቱ አዞረው። ጀርባው ለጀፎረው ሆነ።

ጀፎረ በመንደሩ መካከል የሚያልፈው ሣር የለበሰ ሰፊ መንገድ ነው። ሰርጉም፣ ለቅሶውም፣ ሽምግልናውም እዚያ ነው። የቤቱ ሁሉ ደጅ ወደዚያው ያያል። ልጅ ሲያጠፋ ያየው ይገሥጸዋል፤ ሲወድቅ የቀረበው ያነሣዋል። በዚያ መንደር ለጀፎረ ጀርባውን የሚሰጥ የተጣላ ሰው ብቻ ነው።

ትምህርት ቤቱ ተከፈተ። ትንንሾቹ ግንቡን ዞረው በአስፋልቱ ዳር መሄድ ነበረባቸው፤ እናቶች መኪና ፈርተው አስቀሯቸው። ክረምት ላይ ነፋስ በአስፋልቱ በኩል ያለ የአንድ ክፍል ቆርቆሮ ገነጠለ። ማንም አልነካውም። ዝናቡ ወንበሮቹን አበሰበሳቸው።

ነጋዴው ሰምቶ መጣና ሽማግሌዎቹን ሰበሰበ።

«አባቶቼ፣ የጎረቤት ጣራ ነፋስ ሲያነሣው ሳትጠሩ ትወጣላችሁ። የልጆቻችሁን ክፍል እንዴት ዝም አላችሁ?»

«መቼ አየነው?» አሉ አንደኛው። «ግንቡ ከቆመ ወዲህ ውስጡ ዝናብ ይግባ ፀሐይ በምን እናውቃለን?»

ሌላው ቀጠሉ። «እኛማ ከእኛ ጋር ተጣልተህ መስሎን፣ ምን በደልነው ስንባባል ነው የከረምነው።»

ነጋዴው አልሳቀም። ኮቱን አወለቀ፤ መዶሻ አስመጣና በጀፎረው በኩል ያለውን ግንብ መምታት ጀመረ። ጥቂት እንደ መታ አንድ ጎረምሳ ከጎኑ ቆመ፤ ከዚያ አባትየው፤ ከዚያ መንደሩ። ሲመሽ ግንቡ ወርዶ ነበር። ድንጋዩን በሣሩ ዳር መቀመጫ አደረጉት። በማግሥቱ ቆርቆሮው ተመታ፤ የጠራቸው ሰው አልነበረም። ልጆቹም መጡ።

ሁሉ ግን አልተቃናም። ፎቅ አይዞርምና የክፍሎቹ መስኮት ዛሬም ወደ አስፋልቱ ነው፤ ልጆቹ ከጀፎረው የሚገቡት በጓሮ በኩል ነው።

እንግዲህ ልጄ፣ ትምህርት ቤት እንደ ልጅ ነው። መንደሩ ፊቱን ካላየው የማን እንደሆነ አያውቅም፤ ሲወድቅም አልፎት ይሄዳል። ከምን ልጀምር ላልሽው፣ ሄደሽ ሰዎቹ ደጃቸውን ወዴት እንዳዞሩ እዪ። አንቺ ገና ወረቀት ላይ ነሽ፤ እሱ በመዶሻ ያረመውን በላጲስ ታርሚዋለሽ።