በቁም የተጻፈ የሕይወት ታሪክ

ግራዝማች እንግዳሸት ሞታቸውን እንኳ ለሰው አምነው የማይተዉ ሰው ነበሩ። ገና በደህና ጤናቸው፣ በቀብራቸው ዕለት የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ራሳቸው ጻፉና፣ የሟቾችን ታሪክ እያቃና በየቀብሩ ለሚያነበው ለሰፈሩ ጸሐፊ «አሳምርልኝ» ብለው ሰጡት።

ጸሐፊው አንደበቱ ምላጭ ቢሆንም ሥራውን አክባሪ ነው። የተንዛዛውን አሳጠረ፤ የተደጋገመውን አወጣ። «ለተራበ እንጀራ፣ ለተጠማ ውኃ ነበሩ» የሚለው ላይ ሲደርስ ግን እጁ እምቢ አለው። ግራዝማች ወደ ምንጩ የሚወስደውን መንገድ በአጥር ከዘጉት ወዲህ፣ ሰፈርተኛው እንስራ ተሸክሞ በገደሉ ነው የሚዞረው። ስለዚህ ያቺን መስመር ሰረዛት።

ግራዝማች ስርዙን ሲያዩ ደማቸው ፈላ። የእድሩ ዳኛም እሳቸው ናቸውና አባላቱን ሰብስበው ጸሐፊውን አስጠሩት።

«አንተ ማነህና ነው የእኔን ቃል የምትሰርዘው? አሁኑኑ መልሰህ ጻፋት! እምቢ ካልክ ከእንግዲህ በዚህ እድር ቀብር ላይ አፍህን አትከፍታትም። ደግሞስ የሚነበበው እኔ ከሞትኩ በኋላ ነው፤ አንተን ምን አስጨነቀህ?»

አባላቱ አቀረቀሩ። ጸሐፊው ግን እጅ ነሣና፣ «እሱ እኮ ነው ያስጨነቀኝ፣ ጌታዬ» አለ። «ያቺን መስመር ሳነብ፣ በገደል ሲዞር የኖረው ለቀስተኛ ሁሉ ቀና ብሎ ያየናል። እርስዎስ ግድ የለም፣ ሳጥንዎ ክዳን አለው። እኔ ፊቴን በምን ልሸፍነው?»