ልብስ የለበሰው ውሃ

አንድ ጊዜ፣ ደመና ከእግር በታች በሚያልፍበት ከፍተኛ ተራራ ላይ፣ ድርቅ ከቆላ ያፈናቀላቸው እንስሳት መኖር ጀመሩ። መሪያቸው አንበሳ ነበር። አርጅቷል፤ አቀበት ሲወጣ ጉልበቱን ያመዋል፤ ግሣቱ ግን ገና አላረጀም። የሚጠጡት ምንጭ ከአንበሳው ዋሻ በላይ፣ ቀጥ ያለ ገደል ጫፍ ላይ ስለነበር ውሃ የምታመጣው አህያ ነበረች። ጠዋትና ማታ ሁለት ማሰሮ ግራና ቀኝ ተጭና ገደሉን ስትወጣና ስትወርድ ጀርባዋ ተላልጦ ቆሰለ።

ይህን አይቶ ዘዴ የፈጠረላት ቀበሮ ነው። ቀበሮ ተንኮለኛ ነው ይባላል፤ ውሸት አይደለም። ግን ተንኮሉን ለደግ ነገር የሚያውልበት ቀንም አለው። ቀርከሃ አስመጣ፣ የውስጡን አንጓ እየበሳ ጫፉን ከጫፍ ሰካ፣ መጋጠሚያውን በሰም ደፈነና ከምንጩ እስከ ዋሻው ደጃፍ ድረስ ረጅም ቧንቧ ዘረጋ። ውሃው እየተንቆረቆረ ከአንበሳው እግር ሥር ሲደርስ፣ አንበሳው አንዴ ቧንቧውን አንዴ ገደሉን እያየ ቆየ።

«ዕድሜዬን ሙሉ ውሃ ፍለጋ ስሄድ ኖሬያለሁ» አለ። «ውሃ እኔን ፍለጋ ሲመጣ ግን ዛሬ ገና አየሁ። ይህን ቧንቧ የሰበረ ከተራራዬ ይባረራል።»

«ያንኑ ዕለት ይባረር!» ብሎ ከሁሉም በላይ የጮኸው ጅብ ነበር። ለምን እንደጮኸ ትንሽ ቆይታችሁ ትረዱታላችሁ።

ማታ ማታ የአንበሳው ደጃፍ ጭቃ እንዳይሆን፣ ቀበሮ የቧንቧውን አፍ በእንጨት ውታፍ ይደፍነው ነበር። ውሃው በቀርከሃው ውስጥ ተኝቶ ያድርና ጠዋት ውታፉ ሲነቀል ይወርዳል። እንዲህ እያሉ ታኅሣሥ ገባ። የቆላ ልጆች ናቸውና ታኅሣሥ በዚያ ከፍታ ላይ ምን እንደሚያመጣ ማንም የነገራቸው አልነበረም።

አንድ ጠዋት ቀበሮ ውታፉን ቢነቅል ጠብታ እንኳ አልወጣም። ቀና ብለው ቢያዩ ቀርከሃው ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል።

«ጌታዬ፣ የሰበረችው አህያ ናት» አለ ጅብ ቀደም ብሎ። «የኮቴዋን ዱካ ይመልከቱ፤ እዚሁ ከቧንቧው ሥር ነው። ረግጣዋለች።»

«ትናንት ማታ እዚህ ስግጥ ነበር፤ እውነት ነው» አለች አህያዋ። «ግን ጌታዬ፣ ጀርባዬን ያሳረፈልኝን ቧንቧ ምን ብዬ እረግጣለሁ?»

«አህያ ለመርገጥ ምክንያት ያስፈልጋታል እንዴ?» አለ ጅብ።

አንበሳው አዘነ። ቢሆንም ሕጉን ያወጣው ራሱ ነው። «ፀሐይ ሳትጠልቅ ከተራራዬ ውረጂ» አላት። የአህያዋ ጆሮዎች ወደቁ። ጅቡ ከንፈሩን ላሰ። ከተራራው ገመገም ወዲያ የአንበሳ ጥበቃ የለም፤ ከገመገሙ ወዲያ አህያ ራት ናት።

ይህ ሁሉ ሲሆን ቀበሮ ኮቴው አጠገብ ተንበርክኮ ነበር። ትናንት የተንጠባጠበ ውሃ የኮቴውን ጉድጓድ ሞልቶታል። መዳፉን ሊነክር ቢል ውሃው አላስገባ አለው። ዳር ዳሩን በጥፍሩ ፈልፍሎ አነሣው። በእጁ ላይ ሙሉ የአህያ ኮቴ ተቀመጠ፤ የጠራ፣ ከበስተኋላው ያለው ሣር የሚታይበት።

«ጌታዬ፣ እስኪ ይህን ይያዙ።»

አንበሳው ተቀበለው። ቅዝቃዜው መዳፉን ነከሰው፤ ግን አልጣለውም። ኮቴው ቀስ በቀስ እየቀለጠ በጣቶቹ መሃል ፈሰሰና አለቀ። አንበሳው ባዶ መዳፉን አገላብጦ አየ።

«ውሃ ነው?»

«ውሃ ነው።»

«ማን ድንጋይ አደረገው?»

«የሌሊቱ ውርጭ ይመስለኛል። ቧንቧውንም የሰበረው እሱ ሳይሆን አይቀርም። ለማረጋገጥ አንድ ሌሊት ብቻ ይስጡኝ።»

ጅብ ሳቀ። «ውሃ ቀርከሃ ይሰብራል? እኔ እንኳ አጥንት የምሰብረው በጥርሴ ነው። ውሃና ውርጭ ጥርስ አላቸው እንዴ?»

አንበሳው ግን ሌሊቱን ፈቀደ።

ቀበሮ ቧንቧው ከተዘረጋ ወዲህ ሥራ የፈቱትን የአህያዋን ሁለት ማሰሮዎች አመጣ። ሁለቱንም ውሃ ሞልቶ አፋቸውን ደፈነ። አንዱን ራቁቱን ተወው። ሌላውን በደረቅ ሣር ወፍራም አድርጎ ጠቀለለና ከላዩ አሮጌ ቁርበት አለበሰው። ማንም እንዳይነካቸው አንበሳው ራሱ በመካከላቸው ተኛ።

ሲነጋ ሁሉም መጡ። መጥተውም ቆመው ቀሩ።

ራቁቱን ያደረው ማሰሮ ፈርሶ ሸክላው መሬት ላይ ተበታትኗል። ውሃው ግን አልፈሰሰም። ማሰሮው ወድቆ ውሃው ቆሟል፤ ሆዱም አንገቱም እንደ ማሰሮው ሆኖ ያለ ማሰሮ ቆሟል። ፀሐይ ከገመገሙ ብቅ ስትል ውስጡ ገባችና ከሆዱ እስከ አንገቱ አበራው። እንዲህ እንደሚሆን የገመተው ቀበሮ እንኳ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ ይህን ያህል አልጠበቀም ነበር።

«አጠገቡ ተኝቼ ነው ያደርኩት» አለ አንበሳው ዝቅ ባለ ድምፅ። «እኔ ቅርንጫፍ ስሰብር አገር ይሰማል። ይህ ግን ማሰሮ ሰብሮ እኔን ከእንቅልፌ አልቀሰቀሰኝም።» ለማንም ዝቅ ብሎ የማያውቀውን ራሱን በዚያ በቆመው ውሃ ፊት ዝቅ አደረገ።

ቀበሮ ሁለተኛውን ማሰሮ ከልብሱ አወጣው። ደህና ነው። ዘንበል ሲያደርገው ውሃው እየፈሰሰ ወረደ። አንበሳውም መጀመሪያ አህያዋ እንድትጠጣ አዘዘ። ስትጠጣ ጆሮዎቿ ቀስ ብለው ተነሡ።

«እንግዲህ ቧንቧውን እናልብሰው» አለ አንበሳው።

ሌላ ቀርከሃ ተዘረጋ። ከላይ እስከ ታች በደረቅ ሣር ተጠቀለለ፤ በሣሩ ላይ ቁርበት ተጠመጠመ፤ በዛፍ ልጥ ታሰረ። ቀበሮ አህያዋንና ጅቡን ለብቻ ጠርቶ፣ «እትዬ አህያ፣ ሣሩን አደራ። አያ ጅቦ፣ ቁርበቱን አደራ» አላቸው። ሁለቱም ማሉ። አህያዋ በዚያ ባለፈች ቁጥር ፊቷን አዙራ ታልፍ ነበር። ጅቡም ሦስት ቀን ታገሠ፤ ለጅብ ሦስት ቀን ብዙ ነው። በአራተኛው ቀን አመሻሹ ላይ፣ ቧንቧው ቋጥኝ ተጠግቶ በሚታጠፍበት ሰዋራ ቦታ፣ «ልቅመሰው እንጂ አልበላውም» ብሎ ጀመረ። ክንድ ያህል ከቀመሰ በኋላ ሲያቆም፣ ከሥር የነበረውን ሣር ነፋስ ወሰደው።

በማግሥቱ ቧንቧው ተሰንጥቆ ተገኘ። የተሰነጠቀው አንድ ክንድ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም ከዚያ ወዲያም ጭረት የለበትም።

«ውርጩ ነው ጌታዬ» አለ ጅብ ትምህርቱ እንደገባው ተማሪ። «ያው እርስዎ በዓይንዎ ያዩት ውርጭ ነው።»

«ቧንቧውን የሰበረው ውርጩ ነው» አለ አንበሳው። «እሱን አውቀዋለሁ፤ የተሸፈነውን አይነካም፤ ራቁት ያገኘውንም አይምርም። ቁርበቱን የበላው ግን ሌላ ነው። ውርጭ ጥርስ የለውም ያልከኝ አንተ ነህ።» በቁርበቱ ጫፍ ላይ የቀረውን የጥርስ ምልክት አሳየው። «ያንኑ ዕለት ይባረር ያልከውም አንተ ነህ።»

ያን ጊዜ አህያዋ ወደ ፊት ቀረበች።

«ጌታዬ፣ እሱ ከሄደ ያንን አንድ ክንድ ማን ያለብሰዋል? ትርፍ ቁርበት የለንም። ልብሱን የበላ ልብስ ይሁነው።»

አንበሳው ሳቀ። ፍርዱም ይኸው ሆነ። የተሰነጠቀው ቀርከሃ ተቀየረ፤ ጅቡም ማታ ማታ በዚያ ላይ ሆዱን ለጥፎ እንዲተኛ ታዘዘ። የመጀመሪያውን ሌሊት እየተነጫነጨ፣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ አደረ።

ጠዋት ቀበሮ ውታፉን ሲነቅል ከጅቡ ሆድ ሥር አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። በእሱ ሙቀት ውሃ ሆኖ ያደረ ውሃ፣ እየተንቆረቆረ ወደ አንበሳው ደጃፍ ይወርድ ነበር። ጅቡ መነጫነጩን ተወ። ጆሮውን ቀርከሃው ላይ ለጥፎ ሰማ። በሆዱ አጠገብ ያለፈን ነገር ልዋጠው ሳይል ዝም ብሎ ሲያሳልፍ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ከዚህ የምንማረው ድምፅ የሌለውን ኃይል አክብሮ አስቀድሞ የተጠነቀቀ ሰው ቤቱን በአንድ እቅፍ ሣር እንደሚያድን፣ ሌላው ያለበሰውን የሚገፍፍ ግን በገዛ ቆዳው እንደሚተካው ነው።